ከአልጋው ጀርባ ያለው ጥግ

ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ በሸተተኝ ቁጥር ከእንጦጦ ሥር የነበረው የየካው ቤታችን፣ ባሕር ዛፉና ቀስ ብሎ ወደ ግቢያችን የሚወርደው ጉም አብረው ይመጡብኛል።

ክረምቱ የቤታችንን ግድግዳ ሲልጠው ይከርምና መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ፣ አባቴ አፈር ቆፍሮ፣ ጭድ በትኖ፣ ውሃ አፍስሶ፣ እኔንና ወንድሜን ዳዊትን ሱሪያችንን አስጠቅልሎ ጭቃውን ያስረግጠን ነበር። ማለዳ በጉሙ ውስጥ እግራችን እስኪደነዝዝ ስንረግጥ፣ ዓለም ሁሉ አጥራችን ጋ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር።

ጭቃው ሰንብቶ ሲቦካ ግድግዳውን ተካፍለን እንመርጋለን። እናቴ ምስጋና አትሰስትም፤ «ጎበዝ! የኔ አንበሳ!» እያለች እኛንም፣ እንቁላል የጣለችውን ዶሮም እኩል ታሞግስ ነበር። አባቴ ግን ግድግዳውን በመዳፉ እየዳበሰ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄድና ያየውን ብቻ ይናገራል፤ የሚለው ከሌለው ዝም ነው። እኔ ደግሞ የምጓጓው ከእሱ አፍ ለምትወጣ አንዲት ቃል ነበር።

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ መስከረም የመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ለብቻዬ ደረሰኝ። ሦስት ቀን ለፋሁበት። ሲደርቅ ግን የዳዊት ግድግዳ ልስልስ ብሎ ሲወጣ የኔው ተሰነጣጥቆ ቁጭ አለ። አባቴ መጥቶ ስንጥቁን በጣቱ ተከተለው፤ ከዚያ አልጋውን ስቦ፣ ማንም የማያየውን ጥግ ጎንበስ ብሎ ሲዳብስ ብዙ ቆየ።

«ልጄ፣ ጭቃውን አወፈርሽውና ተሰነጠቀብሽ» አለኝ። «ይሄን ጥግ ግን እኔም እንዲህ ሞልቼው አላውቅም። ሰው አያየውም ብለሽ አልተውሽውም።»

እያለቀስኩ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ከአልጋው ጀርባ እየገባሁ ያን ጥግ እዳብሰው ነበር።

ዛሬ አባቴ የለም፤ አሁን ካራ ሰፈር የምኖርበት ቤትም ብሎኬት ነው፣ ምርጊት አያውቅም። እንደ እናቴ አፌ ለምስጋና ፈጣን ሆኗል፤ እናቴ ግን ዶሮዋን እንኳ አይታ ነበር የምታመሰግነው። ባለፈው ልጄ የሳለችውን ሥዕል ይዛ ስትመጣ፣ ዓይኔን ከስልኬ ሳላነሳ «ጎበዝ!» አልኳት።

«ምኑ ነው ያማረው፣ እማዬ?» አለችኝ።

ስልኩን አስቀምጬ ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩና ሥዕሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ጥጉን ሳይቀር፣ በጣቴ እየተከተልኩ ማየት ጀመርኩ።