ተረካቢው ሰርቨር

የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ባለሙያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እረፍት አልወጣም። የሕሙማኑ መዝገብ ያለበት ሰርቨር ሥራ አቁሞ በወደቀ ቁጥር የሚያነሳው እሱ ብቻ ነበር። አሁን እናቱ ዓይናቸውን ሊታከሙ ስለሆነ አጠገባቸው መሆን ፈለገ። አንደኛው ሲወድቅ ሥራውን ወዲያው የሚረከብ ሁለተኛ ሰርቨር አዘጋጀና አለቃውን ጠራ።

«ጉድ እንዳታፈላብኝ! መዝገቡ ከቆመ ፈቃድ የሚባል ነገር እርሳ» አሉት።

ባለሙያው ለሙከራ የዋናውን ሰርቨር ገመድ ነቀለው። ካርድ ክፍል ያለችው ሠራተኛ የአንዱን ታካሚ መዝገብ ከኮምፒውተሩ አውጥታ «ቀጣይ!» ስትል ተሰማች።

አለቃው የፈቃድ ወረቀቱን ፈረሙለት። እሱም እንደሚመጣ ሊነግራቸው ለእናቱ ደወለ።

«ሥራህንስ ማን ያዘልህ?»

«ማሽን ነው፣ እማዬ።»

«እሰይ! እግዜር ይስጠው በልልኝ።»