ነጠላዬ አፌ ላይ

ጣሊያንኛ የተማርኩት ከአልጋና ከበር ጋር እያወራሁ ነው። ላሊበላ በአንድ ፔንሲዮን ክፍል አጽጂ ነበርኩ። ቤተሰቦቼ ገነተ ማርያም ናቸው፤ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ነው የመጣሁት። ዓይን አፋር ስለሆንኩ ከተማው ውስጥ የማጫውተው ሰው አላፈራሁም።

አንድ ቀን የፔንሲዮኑ ባለቤት እትዬ፣ «ጣሊያንኛ የቻለች፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ትቀመጣለች» አሉን። ያን ቦታ አጥብቄ ፈለግሁት። እዚያ የተቀመጠች ቀኑን ሙሉ የሚያናግራት አታጣም። አንድ አስጎብኚ በአማርኛ የተብራራ የጣሊያንኛ ሰዋስው ፎቶ ኮፒ ሰጠኝ።

በተውላጠ ስም ጀመርኩ። «ኢዮ» እኔ፣ «ቱ» አንተም አንቺም፣ «ኖይ» እኛ። ለሚከበር ሰው፣ ወንድም ቢሆን፣ «ሌይ» ይባላል። እንደ አማርኛችን ግሱ ራሱ ማን እንደሆነ ስለሚናገር «ኢዮ»ን መተው ይቻላል። ቀጥሎ የስምና የቅጽል ስምምነት መጣ። አልጋ ወንድ ነው፤ ነጭ ሲሆን «ሌቶ ቢያንኮ» ይሆናል። በር ሴት ናት፤ «ፖርታ ቢያንካ»። አልጋዎቹ ሲበዙ ሁለቱም ቃላት አብረው ይለወጣሉ፤ «ሌቲ ቢያንኪ»። አንሶላ ሳነጥፍ አልጋውን «ቱ» እለዋለሁ። «ኖይ»ን ከማን ጋር ሆኜ እንደምለው ግን አላውቅም ነበር።

አብራኝ የምትሠራው፣ ከፍላቂት ከተማ የመጣች ልጅ፣ «ዛሬስ አልጋው ምን አለሽ?» ትለኛለች።

አንድ ከሰዓት ጸጉራቸው የሸበተ ጣሊያናዊት መጡ። እትዬ ጠሩኝና፣ «በይ እስቲ አናግሪያቸው» አሉኝ። ቃላቱ አልጠፉብኝም። ግን እናቴ ትልቅ ሰው ፊት እንዳስለመደችኝ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ መሬት መሬት እያየሁ ተናገርኩ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ሁለቴ ጠየቁኝ። በመጨረሻ ጉንጫቸውን ይዘው ወደ እትዬ ዞሩ። ጥርሴን ያመመኝ መስሏቸው ነው።

«ኧረ ጥርሷስ ደህና ነው፤ ምላሷን ነው!» አለች የፍላቂቷ ልጅ።

በማግስቱ ቦታው ለእሷ ተሰጠ። ከ«ቻው» ሌላ አታውቅም፤ ግን ጮክ ብላ ትላለች።

ያን ጠዋት የሴትዮዋን ክፍል ላጸዳ ገባሁ። ሥራ ላይ ስለሚያስቸግረኝ ነጠላዬን ውጭ ሰቅዬዋለሁ። እሳቸው ሻንጣቸውን ይዘጋሉ። በሩን አሳየኋቸውና «ፖርታ ቢያንኮ» አልኩ።

ጣታቸውን አነሱ። «ቢያንካ» አሉኝ።

«ቢያንካ።»

ፈገግ አሉ። አንድ ዓመት ሙሉ በጣሊያንኛ ሳወራ የመለሰልኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ከምሳ በፊት ሄዱ።

ክፍሉን ስቆልፍ በሩን አንዴ በጠራ ድምፅ «ፖርታ ቢያንካ» ብዬ ጠራኋት። ከታች «ቻው! ቻው!» ይሰማል። መጥረጊያዬን ይዤ ወደሚቀጥለው ክፍል አለፍኩ።