የልጆቼ መዋያ

በጣልያን ጊዜ ነው። ክረምት ጤፍ ሳርም ልጆቼ በሰላም የሚውሉበት፣ ፊደልም የሚለዩበት ቦታ ፈልጌ አምበር ከተማ አጠገብ የሚያስተምሩ አንድ የኔታ ዘንድ ሄድኩ።

«የኔታ፣ ወታደር ቢመጣስ ልጆቹን ምን ያደርጓቸዋል?» አልኳቸው።

ጆሯቸውን ወደ መንገዱ ጣል አድርገው አንዴ ሳሉ። «ሀ ሁ» ሲሉ የነበሩት ልጆች በአንድ አፍ እዬዬ አሉ! ማን እንደሞተ ባላውቅም ለቅሶ ቆሞ ማየት ነውር ነውና ነጠላዬን አገልድሜ፣ «አንተ ደጉ! ለማን ትተኸን?» እያልኩ ደረቴን ደቃሁ። የጣልያን ወታደሮች ከአጥሩ ውጭ ቆመው አዩን፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው አለፉ።

ኮቴያቸው ሲርቅ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ እንባዬ አልደረቀም።

«ልጆችሽን አምጪ» አሉኝ የኔታ። «አንቺም እንዳትቀሪ፤ እነዚህ እያለቀሱ ይስቁብኛል።»