ውስጡም እንዲያበራ

የተነቀለ የድስት እጀታ ላስበይድ አንጥረኛው ሱቅ ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ ነው ያገኘኋት። እንደ እኔው ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት፤ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አቅፋለች። እኔ ደግሞ ጨዋታ ካገኘሁ ወረፋ አይታክተኝም።

ሃያ ስድስት ዓመት ሆቴል ውስጥ በጽዳት ሠርታለች። የእንግዳ መቀበያውን የመዳብ ጌጣጌጥ የምትወለውለው እሷ ስለነበረች ባልደረቦቿ «መዳቤ» ይሏት ነበር። ጡረታ ስትወጣ እጇ ሥራ መፍታቱን አልወደደውም። ከአሮጌ ዕቃ ተራ አንድ ትሪ ገዛች፤ ቀጥሎ የሻማ ማስቀመጫ፤ ቀጥሎ ድስት። ዛሬ ሳሎኗ ከበሩ እስከ መስኮቱ መዳብ ነው።

«ከሰዓት ፀሐይ ሲገባ ቤቱ በእሳት የተያያዘ ይመስላል» አለችኝ። «ሽማግሌው ባሌማ "እኔንም ወልውላ ልትሰቅለኝ ነው" እያለ ለጎረቤት ያማኛል።»

ሳቅን።

«ደህና ናቸው እሳቸው?»

«ምን ደህና! ሆዱን ካመመው ወር ሊሆነው ነው። የበላው አይረጋለትም። አፌን ብረት ብረት ይለኛል ይላል፤ ኪኒኑ ይሆናል። ሐኪሙ ፈሳሽ አብዢለት ስላለኝ ሎሚ ጨምቄ በዚህ በያዝኩት የመዳብ ጆግ አሳድርና አጠጣዋለሁ።»

የአንጥረኛው መዶሻ ቆመ። «እስቲ ያሳዩኝ፣ እትዬ።»

ፎጣውን ገለጠችው። ያመጣችው ጆጉ ሆዱ ላይ የሰረጎደውን እንዲያቃናላት ነበር። አንጥረኛው ግን ስርጉዱን ሳያየው የጆጉን አፍ ወደ ብርሃን አዞረ።

«ውስጡን ማን ፋቀው?»

«ማን ይፍቀዋል? እኔ ነኛ! ስገዛው ደብዛዛ ነጭ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ስንት ቀን ታግዬ እንደ ውጩ አበራሁት።»

«መቼ?»

«አሁን ወር... ወር ከምናምን።» ድምፅዋ መሃል ላይ ቀጠነ።

«ነጩ እኮ ቆሻሻ አይደለም። መዳቡ ከሚጠጣው ነገር ጋር እንዳይገናኝ የሚለበጥ ልባስ ነው። ሎሚ ሲያድርበት ደግሞ መዳቡን እየበላ ወደ መጠጡ ያወርደዋል። ለማየት ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ለሆድ ግን መርዝ ነው፣ እትዬ። በአስቸኳይ ሐኪም ይየው።»

እጆቿን አገላብጣ አየቻቸው። «"አንቺ ባበራሽው ሲሆን ይጣፍጠኛል" ይለኛል እኮ» አለች፤ ለማናችን እንደሆነ አላውቅም።

ቤት ደወለች። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሳ የለም። ጆጉን እዚያው ትታ ወጣች። እጀታዬን ረስቼ ተከተልኳትና ታክሲ አስቆምኩላት።

«አይዞሽ እህቴ፣ ተኝተው ይሆናል። ደግሞ ጆጉን ከቤት ይዘሽው ወጥተሻል፤ ዛሬ በምን ይጠጡታል?»

የታክሲውን በር እንደያዘች ዞራ አየችኝ።

«ጆጎቹ እኮ ጥንድ ናቸው» አለችኝ። «ሁለቱንም ነው የፋቅኳቸው። ሌላኛውን ሞልቼ፣ እስክመለስ ጨርሰህ ጠብቀኝ ብዬው ነው የወጣሁት።»