የቀኙ እርካብ

በፈረንጆቹ 2020 መጋቢት ላይ ካዚኖው በሩን ዘግቶ «እንጠራችኋለን» ሲለን፣ ከካርታ ማደል ሌላ አውቀዋለሁ የምለው ሙያ ፈረስ መጋለብ ብቻ ነበር። ፈረስ ላይ ግን በሕይወቴ ወጥቼ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ በወጣትነቱ፣ በንጉሡ ዘመን፣ አዲስ አበባ ላይ በጦሩ ፈረሰኛ ክፍል ያገለግል ነበር። ኋላ በሱዳን በኩል ወጥቶ ላስ ቬጋስ ደረሰና ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሆቴል በር ላይ ቆሞ የሰው መኪና ሲቀበልና ፓርክ ሲያደርግ ኖረ። ሥራ በማይገባበት ቀን ከሰዓት በኋላ እኔን የሶፋችን ክንድ ላይ ያስቀምጠኝና ያሠለጥነኛል። «ወገብሽን አቅኚ። ተረከዝሽ ወደ ታች። እጅሽ እንቁላል እንደያዘ ሰው እጅ ይሁን። በአፉ አትጎትቺው፤ አንቺን በአፍሽ ቢጎትቱሽ ደስ ይልሻል?» ይለኛል። ፓራዳይዝ በሚባለው የቬጋስ ሰፈር፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለች አፓርታማ፣ እንደዚህ የሶፋ ፈረሰኛ ሆኜ አደግሁ።

ለዚህ ሁሉ ያለን ማስረጃ አንድ ፎቶ ነው። አባቴ የደንብ ልብሱን ለብሶ በአንድ ጥቁር ፈረስ ቀኝ በኩል ቆሟል፤ እጁ እርካቡን ይዟል። ሊወጣ ሲል የተነሣው ነው ብዬ አመንኩ። ጠይቄው አላውቅም። በእኛ ቤት አባት ስለ ወጣትነቱ አይመረመርም፤ የነገረሽን ይዘሽ ትቀመጫለሽ፣ ያልነገረሽን ራስሽ ትሞዪዋለሽ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም «ፈረሰኛው» ነው የሚሉት፤ እሱም በዚህ ስም ሲጠሩት አቤት ይላል።

ቤት መቀመጡ ሲሰለቸኝ የፈረስ አስተማሪ መፈለግ ጀመርኩ። በዲቪ የመጣች፣ እንደኔው ካርታ የምታድል ጓደኛዬ በስልክ ጮኸችብኝ።

«ሰው ኦቨርታይም ናፍቆት በሚያለቅስበት ሰዓት ፈረስ? አንቺ፣ ጭንቅላትሽን ቼክ አስደርጊ!»

አልሰማኋትም። ጎረቤታችን ያለችው የሄንደርሰን ከተማ ጫፍ ላይ፣ አስፋልቱ አልቆ አሸዋው ሲጀምር፣ «አንተም» የሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ከላይ ቁልቁል የሚያየው አንድ የፈረስ ጋጣ አገኘሁ። እዚያ የሚያስተምሩት ድሬሳዥ የሚባለውን ነው። ፈረሱ አይሽቀዳደምም፣ አጥር አይዘልም፤ አሸዋው ላይ በቀጥታ ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ወደ ጎን ይራመዳል፣ ይቆማል። ከዳር ለሚያይ ሰው ምንም አልተደረገም። ላዩ ላይ ያለው ሰው ግን በላብ ተነክሯል።

አስተማሪዎቹ ሁለት ነበሩ። አንዷ ጀርመን አገር የተማረች ሴት፣ ሌላው ፈረንሳይ አገር የተማረ ሽማግሌ። አንድ ሜዳ ይካፈላሉ፣ ሰላምታ ግን አይካፈሉም። በኮሮና ምክንያት ተራርቃችሁ ቁሙ ሲባል በከተማው ውስጥ ያልተቸገሩት እነሱ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ጋጣ እየጠረግሁ በምትኩ ልማር አልኩ፤ ሁለቱም ተስማሙ። በጠዋት ፋንድያ እዝቃለሁ፣ ከዚያ እጋልባለሁ። ለአባቴ የነገርኩት ሁለተኛውን ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጀርመን የተማረችው ሴትዮ አንድ ያረጀ ዳማ ፈረስ አቀረበችልኝ። ፈረሱ ዓይኑ ላይ የዝንብ መከላከያ አድርጓል፣ እኛ አፋችን ላይ ማስክ አድርገናል፤ ማን ማንን እንደፈራ አይታወቅም። እኔም እንደ ፎቶው በቀኝ በኩል ሄጄ እርካቡን ያዝኩ። ፈረሱ ገርሞት ሸሸት አለ።

«በግራ ነው» አለችኝ።

«በእኛ አገር በቀኝ ነው» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

በሌላ ዘመን ቢሆን ትስቅብኝ ነበር። በዚያ ዓመት ግን አሜሪካኖች የሰውን ባህል ላለመንካት ሲጠነቀቁ ትንፋሻቸውን እንኳ ይቆጥቡ ነበር። ይቅርታ ጠየቀችኝ። ከዚያ ፈረሱን ይዛ በቀኝ በኩል አወጣችኝ፤ ኮርቻው ከእኔ ጋር ዞረና ራሴን ከፈረሱ ሆድ ሥር አገኘሁት። ፈረሱ ስላልለመደ ነው አልኳት። ይለምዳል አለች።

ማክሰኞ ማክሰኞ ጀርመን እሆናለሁ። እግሬ ይገፋል፣ እጄ ይቀበላል፣ ፈረሱ በመካከል ይሰበሰባል፤ ልጓሙን አንድ አፍታ ካላላሁ ሴትዮዋ አገር የፈረሰ ይመስላታል። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ፈረንሳይ እሆናለሁ። ሽማግሌው ልጓሙን ካጠበቅሁ የሚያመው እሱን ነው። አንድ ነገር ጠይቂውና እጅሽን ሰብስበሽ ጠብቂ ይለኛል፤ የማክሰኞውን ሁሉ እርሺው ይለኛል። ማክሰኞ ደግሞ የሐሙሱን እንድረሳ ይነገረኛል። ለሁለቱም እሺ እላለሁ። አስተማሪ ሲናገር እሺ ማለት እንጂ መከራከር ማን አስተምሮኝ? ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ አንድ አሜሪካዊ ጎረቤት የአልጋ ያህል ኮርቻ ላይ ተደላድሎ፣ በአንድ እጁ ልጓም በሌላው ስልክ ይዞ ያልፋል፤ ከሁላችንም የተመቸው እሱ ነበር። ዳማው ፈረስ የሁሉንም አገር ሥርዓት ያውቃል፣ ለሁሉም የሚሰጠው መልስ አንድ ነው። ቀስ ብሎ ይሄዳል።

አራተኛውን ሥርዓት ያቋቋምኩት እኔ ነኝ። የኢትዮጵያ ግልቢያ ምን እንደሚመስል በጠየቁኝ ቁጥር አንድ ነገር እጨምራለሁ። በቀኝ የምንወጣው ጎራዴ የምንታጠቀው በዚያ በኩል ስለሆነ ነው አልኩ። የት እንዳነበብኩት ዛሬም አላውቅም። አባቴ ኮሎኔሎችን ያሠለጠነ ሰው ነው አልኩ። ሴትዮዋ ለሚዛን ጥሩ ነው ብላ ሌሎቹንም ተማሪዎች በቀኝ ማስወጣት ጀመረች። ስድስት የተከበሩ ሰዎች በእኔ ምክንያት ተራ በተራ አሸዋ ላይ ወደቁ።

ቤት ስመለስ አባቴን ለማናገር እሞክራለሁ። ስለ ጀርመንና ስለ ፈረንሳይ እነግረዋለሁ። እሱ የሚጠይቀኝ ሌላ ነው። «ሰኮናውን ማን ያጸዳል? ውሃ የሚሰጡት ከሥራ በፊት ነው በኋላ? ጀርባው ቁስል አለው?» እኔ ስለ ግልቢያ ሳወራው እሱ ስለ ድርቆሽ ያወራል። እርጅና ነው ብዬ አዘንኩለት።

በሚቀጥለው ዓመት ጸደይ፣ አባቴ ሁለተኛ ክትባቱን ከወሰደ በኋላ፣ ሴትዮዋ እሱን አምጥቼ ለተማሪዎቿ በቀኝ አወጣጡን እንዲያሳያቸው ለመነችኝ። እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ፊቱን ሳያየው የመኪና ቁልፍ ሲሰጠው የኖረን አባቴን፣ አንድ ቀን ፈረስ ላይ አስቀምጬ ሰው ቀና ብሎ እንዲያየው ፈለግሁ። የምፈልገው ሌላ ነገር አልነበረኝም። ወገቡን ያመው ስለነበር ይወድቅብኝ ይሆን ብዬ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ።

ሱፉን ለብሶ ባርኔጣውን ደፍቶ መጣ። ተማሪዎቹ ተሰልፈው ስልካቸውን አወጡ። ሽማግሌው እንኳ ከሜዳው ማዶ ተነሥቶ መጥቶ ከሴትዮዋ አጠገብ ቆመ። አባቴ ማንንም አላየም። ፈረሱ እንዲያሸትተው እጁን ዘርግቶ አንገቱን ዳበሰው፤ የፊት እግሩን አንሥቶ ሰኮናውን አየ።

«ማነው ያጸዳው?»

«እኔ።»

«ጥሩ ነው። ካርታ የሚያድል ሰው እንዲህ አይሸትም ብዬ ነበር።»

የኮርቻውን የሆድ ማሰሪያ ጠበቅ አደረገው። ከዚያ በፈረሱ ፊት ዞረና በቀኝ በኩል ቆመ፤ ልክ እንደ ፎቶው። እርካቡን በሁለት እጁ ያዘ፣ ጉልበቱን ሸብረክ አደረገ፣ ቁልቁል ሳበው። እንደዚያው ሆኖ ቀረ። ወገቡ እምቢ አለው ብዬ ሮጥኩ።

«አባዬ፣ መውጫ ሳጥን ላምጣልህ?»

«ለምን?»

«እንድትወጣ።»

«እኔ?» አለኝ። «ምን ነካሽ? አንቺ ነሽ የምትወጪው። ዙሪና በግራ ውጪ፤ ይዤልሻለሁ።»

«በቀኝ አይደለም እንዴ የሚወጣው?»

«በቀኝማ የምቆመው እኔ ነኝ። አለቃው በግራ ሲወጣ ኮርቻው እንዳይዞር በቀኝ እርካቡን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ስንት ኮሎኔል አውጥቻለሁ፤ አንድ ቀን ኮርቻ ዞሮብኝ አያውቅም።» ድምፁ ውስጥ እፍረት የሚባል ነገር አልነበረም። ሙያውን የሚናገር ሰው ድምፅ ነው።

«ያ ሁሉ ወገብሽን አቅኚ፣ ተረከዝሽ ወደ ታች...?»

«ሲያስተምሯቸው ቆሜ እሰማ ነበራ።»

«አንተ ግን ወጥተህ አታውቅም?»

«ማን ይዞልኝ?» አለኝ።

አፈርኩ። በእሱ አይደለም፤ ዓመት ሙሉ በገዛ አባቴ ቦታ ሌላ ሰው ሳስቀምጥ በመክረሜ ነው ያፈርኩት። ዞርኩና በግራ ወጣሁ። ኮርቻው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። አባቴ ቀኝ እግሬን ይዞ እርካቡ ውስጥ አስገባልኝ፣ ተረከዜን ወደ ታች ጫን አደረገው። ከላይ ሆኜ የሚታየኝ ባርኔጣው ብቻ ነው። ለካ እነዚያ ሁሉ መኮንኖች የሚያውቁት ይህንን ባርኔጣ ነው።

«ምን አለ? ምን አለ?» ትላለች ሴትዮዋ ከዳር፤ ስድስቱም ስልኮች ወደ እኛ ተደግነዋል።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። «በቀኝ ውጪ ያለሽ ማነው?» አለ።

«እሷ» አልኩት፣ ወደ ሴትዮዋ በአገጬ እያሳየሁ።

ከእግሯ እስከ ራሷ አያት፤ ከልቡ አዘነላት። እርካቡን ሳይለቅ፣ ቀስ ብሎ፣

«አይዞሽ በያት፤ ትለምደዋለች» አለኝ።