የመጨረሻው ሚሽን

ትናንት ፒያሳ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ መስኮት ላይ በልጅነቴ የተጫወትኩትን የመኪና መንዳት ጌም አይቼ ቆምኩ። ያኔ እዚያው አጠገብ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነበር የምንኖረው። አባባ ታክሲ ነጂ ነበር፤ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት መንዳት ካቆመ ወዲህ አጠገቤ ተቀምጦ ስጫወት ያያል። የክፍሌ ልጆች ጌሙን በሠላሳ ሰዓት ጨርሰውታል። እኛ ግን ክረምቱን ሙሉ ከረምንበት፤ ጌሙ ወደሚሰጠኝ ተልእኮ፣ ወደ ሚሽኑ፣ ልሮጥ ስል አባባ በስክሪኑ ላይ ያለውን መንገድ እያየ «ተይው እሱን፣ እስቲ በባሕሩ ዳር ንጂልኝ» ይለኛል። እነዳለታለሁ፤ ደህናው እግሩ ወለሉ ላይ ፍሬን ይረግጣል።

አንድ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ሚሽን ብቻ ቀረን።

«ይሄን ካለፍኩ አለቀ፣ አባባ» አልኩት።

እጁን እጄ ላይ አደረገና «ታዲያ ነገ ወዴት ልንሄድ ነው?» አለኝ።

አጠፋሁት። አባባ ካረፈ ስንት ዓመቱ! የጌሙን መጨረሻ ግን እስከ ዛሬ አላየሁትም።