ስዊድንኛ በእኛ ፊደል

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ላስ ቬጋስ፣ ቻይናታውን ውስጥ አዲስ የተከፈተ ዳቦ ቤት ፊት መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስወርድ የሄል ሽታ ተቀበለኝ። ሻይ ውስጥ እንደምንጨምረው ዓይነት አይደለም። ከቅቤና ከስኳር ጋር ተለውሶ ገና ከምድጃ የወጣ የትኩስ ዳቦ ሽታ ነው። እግሬ ቀጥ አለ። ከኋላዬ የነበረው ሰው «ይቅርታ» ብሎ አልፎኝ ገባ። እኔ ግን «አንተም» (Anthem) በሚባለው የከተማው ዳር ሰፈር፣ ኮረብታው ላይ ባለ ቤት ኩሽና ውስጥ ነበርኩ፤ ዕድሜዬም አሥራ ዘጠኝ።

ዲቪ ደርሶን ላስ ቬጋስ ከመጣን ሁለት ዓመት አልሞላንም ነበር። የምንኖረው ፓራዳይዝ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ የሆቴል ሠራተኞች በሚበዙበት አፓርታማ ነው። እናቴ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ትንከባከብ ነበር። መንዳት ስለማትችል ከኮሌጅ ስወጣ የማደርሳት እኔ ነኝ፤ ሺፍቷ እስኪያልቅም እዚያው ቁጭ ብዬ አጠናለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን የምንሄድላቸው ሰው ስዊድናዊ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው። እናቴ «ሰውዬው ድሮ ፊልም ይሠሩ ነበር አሉ» ብላኛለች። እኔ ብዙም አላመንኩም። እዚህ ከተማ ድሮ የሆነ ነገር ያልነበረ ሽማግሌ የለም።

ግን እውነት ነበር። ያንን የሄል ዳቦ ራሳቸው ጋግረው እየቆረሱልኝ ጥቂት በጥቂት አጫወቱኝ። በሃያ ዓመታቸው አንድ የወደብ ከተማ ቲያትር ቤት ገቡ፤ ከዚያ ፊልም፤ ከዚያ አገር ያሳወቃቸው የቴሌቪዥን ድራማ። የገጠር ሐኪም ሆነው ነበር የሚጫወቱት። እሑድ እሑድ አመሻሹ ላይ አገሩ በሙሉ ሥራውን ትቶ ያያቸዋል። «ባቡር ውስጥ ሰዎች ዶክተር እያሉ ቁስላቸውን ያሳዩኝ ነበር» ብለው ሳቁ።

በአርባ ዓመታቸው ከዚያ የበለጠ ተመኝተው አሜሪካ መጡ። አሜሪካ ግን አነጋገራቸውን ሰምታ አንዴ የሩሲያ ጄኔራል፣ አንዴ የጀርመን ሰላይ፣ አንዴ ጨካኝ የመርከብ ካፒቴን አደረገቻቸው። «ሁልጊዜ ፊልሙ ሳይጋመስ እገደላለሁ። ሚስቴ ፋንዲሻዋን ሳትጨርስ ሞቼ እጠብቃታለሁ» ይሉኝ ነበር። ሁለተኛዋ ሚስታቸው የቬጋስ ዳንሰኛ ነበረች። እሷን ብለው እዚህ መጡ፤ እሷ ስትሞት እዚሁ ቀሩ።

እኔ በዚያን ጊዜ ክፍል ውስጥ አፌን የማልከፍት ልጅ ነበርኩ። አንድ ቀን «በእንግሊዝኛዬ ይስቁብኛል» አልኳቸው።

«እኔ በዚያው በሚሳቅበት እንግሊዝኛ ነው ይህን ቤት የገዛሁት» አሉኝ።

ሙቀቱ በረድ ማለት ሲጀምር ከስዊድን መልእክት መጣላቸው። የላከችው አንዲት ዳይሬክተር ናት፤ በልጅነቷ በቴሌቪዥን ስታያቸው ያደገች። በአዲስ ተከታታይ ድራማ ውስጥ የገዛ ልጁን የሚረሳ አባት ሆነው እንዲጫወቱ ትፈልጋለች፤ አስቀድመው አንድ ትዕይንት ቀርጸው ይላኩልኝ ብላለች። ያን ቀን ሰውዬው አሥር ዓመት ያነሱ መሰሉኝ።

«ልጅቷን ሆኖ የሚያነብልኝ ሰው ያስፈልገኛል» አሉኝ።

«እኔ ስዊድንኛ አልችልም።»

«ጆሮ አለሽ አይደል?»

እሳቸው ዐረፍተ ነገሩን ይላሉ፤ እኔ በእኛ ፊደል እጽፋለሁ። አንዳንዱ ድምፅ ፊደል አይገኝለትም። «ከንፈርሽን እንደሚያፏጭ ሰው አሹዪና ኢ በዪ» ይሉኛል። እኔ ስል እናቴ ከወዲያ ክፍል ሳቋ ይሰማል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ትርጉሙን በግማሽ ብቻ የማውቀውን ቋንቋ ሳልንተባተብ አነብ ጀመር። ለምን እንደሆነ ባላውቅም፣ በዚያው ሰሞን ክፍል ውስጥም እጄን ማውጣት ጀመርኩ።

አንድ ቀን ብርጭቆ ላወጣ ቁም ሳጥኑን ስከፍት በሩ ላይ በውስጥ በኩል ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። የእሳቸው ድርሻ ነው። ብፈልግ ፍሪጁ ውስጥም አለ። ከዱቄቱ ከረጢት ላይም፣ ከመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ጀርባም። የተጻፈው ሁሉ ያው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። ዘወር ስል በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

«መርሳቴን ለእናትሽ አትንገሪያት» አሉ ቀስ ብለው። «ሪፖርት ታደርጋለች፤ ስዊድን ያለችው ልጄ ጋ ይደውላሉ። ይሄን አንዱን ሥራ ብቻ ልጨርስ።»

እሺ አልኳቸው። መኪና ውስጥ እናቴ «ምን ሆነሻል?» ስትለኝ «ፈተና አለብኝ» አልኩ። እናቴን ስዋሽ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

የቀረጻው ዕለት የከሰዓት ፀሐይ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ተኝታለች። ስልኬን በምግብ መጽሐፎች ቁልል ላይ አቆምኩት። አንዴ ሞከርን፤ ቆሙ። ደገምን፤ እዚያው ቦታ ላይ ቆሙ። በአምስተኛው ላይ ቀና ብለው አዩኝ። አሁን ነርስ ሆኜ ያንን አስተያየት በየሺፍቴ አየዋለሁ፤ ያኔ ግን አላውቀውም ነበር። ትወና እንዳልሆነ ብቻ ገባኝ። እኔ ማን እንደሆንኩ ጠፍቶባቸዋል።

ወረቀቴ ከእጄ ወደቀ፤ ስዊድንኛውም አብሮት ጠፋ።

«አባባ፣ እኔ ነኝ» አልኩ በአማርኛ። «አይዞህ። አጠገብህ ነኝ።»

ለእኔ እንደ አያት ነበሩ፤ ከእናቴ ጋር ስለ እሳቸው በአማርኛ ሳወራ እንኳ አንቱ ከማለት ወርጄ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን አንተ አልኳቸው። እጄን ያዙና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በስዊድንኛ፣ ረጅም ነገር ተናገሩ። ከጻፍኩት አንድም ቃል አልነበረበትም።

ሲጨርሱ ትንፋሻቸውን ሳቡና «ቀረጽሽው?» አሉኝ።

«አዎ። ግን የተጻፈው አይደለም።»

«የተጻፈውማ እነሱ ጋ አለ። ይሄን ላኪው።»

እናቴ የታጠበ ፎጣ እንዳቀፈች በሩ ላይ ቆማ ነበር። መኪና ውስጥ ስንገባ ጠየቀችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቃል ገብቼላቸው ነው፣ እማዬ።»

«ልጄ፣ ምድጃ ለኩሰው ቢረሱትስ?»

በማግሥቱ ለመሥሪያ ቤቷ ተናገረች። ሦስት ቀን አኮረፍኳት። ሰውዬው ዘንድ ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ ግን ሳቅ ብለው «እናትሽ ልክ ናት። ትናንት የተለኮሰ ምድጃ ላይ ፎጣ ጥዬ ነበር» አሉኝ።

በሳምንቱ ልጃቸው ከስዊድን መጣች። ሃምሳን ያለፈች፣ ቁመቷ የአባቷ። እሳቸው ሸለብ ባላቸው ሰዓት ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥንና ቀረጻውን እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ስልኬን ሰጠኋት። እስከ መጨረሻው አየችው፤ እንደገና አየችው።

«ምን እያሉ ነው?» አልኳት።

«እሑድ እሑድ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብለሽ እጅሽን መስታወቱ ላይ ታደርጊ እንደነበር እናትሽ ነግራኛለች፣ ይላል። አገሩ ሁሉ ባየኝ መጠን ብቻ አየሽኝ። ከዚያ አልፌ ልሰጥሽ ይገባ ነበር፣ ይላል።» አፏን በእጇ ሸፈነች። «ዕድሜዬን ሙሉ አልነገረኝም። ለአንቺ ነገረሽ።»

«እኔ እኮ አልገባኝም» አልኳት። «የነገሩት ለእርስዎ ነው።»

ዳይሬክተሯ እውነቱ ሲነገራት ሐሳቧን አልቀየረችም። በቃል የሚጠና ነገር አስቀርታ ዝምታውን አበዛችላቸው። አባትና ልጅ አብረው ሄዱ፤ ኮረብታው ላይ ያለው ቤትም ተሸጠ። ድራማው ሲወጣ ከእናቴ ጋር ሶፋ ላይ ተጠጋግተን በላፕቶፕ አየነው። በረዶ በሚታይበት መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ወደ ውጭ ይመለከታሉ። እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «ይሄ ትወና ነው ወይስ እውነታቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ድራማው ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ልጃቸው በቪዲዮ ደወለችልኝና ስልኩን ወደ እሳቸው አዞረችው። ከስተዋል። ለተመልካች የሚሰጡትን ያንን ጨዋ ፈገግታ ፈገግ አሉልኝ። ልጃቸው ማን እንደሆንኩ በጆሯቸው ነገረቻቸው፤ ፈገግታው አልተለወጠም።

«ድራማውን አይተሽው ነው የደወልሽው?» አሉኝ በእንግሊዝኛ።

«አዎ፣ አየሁት።»

«ወደድሽው?»

«በጣም ወደድኩት።»

«እንግዲያው ፎቶግራፍ ላይ ፈርሜ ልላክልሽ። ለማን ብዬ ልጻፈው?»

ልጃቸው ብዕር አቀበለቻቸው። ስሜን ፊደል በፊደል ነገርኳቸው። እያንዳንዱን ጮክ ብለው እየደገሙ ጻፉት። አንዱንም አልሳቱም።